ቮልሷ ከግቢያችን የወጣችበት እሁድ

ልጅ ሆኜ በኖርንበት ግቢ ውስጥ የእኛ ያልሆነች አንዲት ቮልስ ቆማ ነበር። ግቢውም ቢሆን የእኛ አልነበረም። ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ወረድ ብሎ፣ ዙሪያውን ባሕር ዛፍ የያዘው ሰፊ ግቢ ነው። ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ ዋናውን ቤት ቀበሌው ለስብሰባና ለመሠረተ ትምህርት ያዘው፤ ከጓሮ ካሉት ክፍሎች ሁለቱን ደግሞ የከተማ አውቶብስ ሾፌር ለነበረው አባቴ አከራየው። አባባ፣ እማዬና አምስት ልጆች በእነዚያ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነበርን። ማታ ፍራሽ ከተዘረጋ በኋላ በር ጋ ለመድረስ የሰው እግር ሳይረግጡ ማለፍ አይቻልም ነበር።

ከእኛ ግድግዳ ጋር ተያይዞ የቆመው፣ ጣሪያውም ጎኑም ቆርቆሮ የሆነው ክፍል ጋራዡ ነው። በሩ ላይ የቀበሌው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጥፎ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ቢጫ ሆኗል። እኔና ታላቅ እህቴ አልማዝ ሱዚ ዘለን ዘለን ሲደክመን በበሩ ስንጥቅ እናጮልቅ ነበር። መጀመሪያ ምንም አይታይም። ዓይናችን ጨለማውን ሲለምድ ክብ መብራቶቿ፣ ቀጥሎ አቧራ የለበሰው ሰማያዊ ፊቷ ብቅ ይላል። ጎማዎቿ ተንፍሰው ልክ እንደ ተቀመጠች ነገር ዝቅ ብላለች። ከስንጥቁ የሚወጣው ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ ያረጀ የወንበር ቆዳ፣ አይጥ፣ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ስስ የቤንዚን ሽታ።

ባለቤቷ እትዬ የሺ ነበሩ። ባላቸው ከጎጃም መጥተው በእህል ንግድ የከበሩ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው ስለሚደክም መንጃ ፈቃድ ያወጡት እሳቸው ሳይሆኑ ሚስትየው ናቸው። በጃንሆይ ጊዜ ቀራንዮ አካባቢ መሪ ይዛ የምትታይ ሴት እትዬ የሺ ብቻ ነበሩ ሲባል ሰምቻለሁ። አዋጁ በወጣ ሰሞን ባልየው ታመው አልጋ ላይ ስለነበሩ፣ ቤቱን በጥድፊያ አስረክበው ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ወዳለችው ትንሿ ቤታቸው ሲገቡ መኪናዋን ያስታወሳት አልነበረም። ባልየው ሲሞቱና እሳቸው ለመኪናዋ ሲመጡ ጋራዡ ታሽጎ አገኙት። ከዚያ ወዲህ የቀበሌው ሊቀ መንበር በተለወጠ ቁጥር ይመጣሉ፤ ነገ ይሏቸዋል፤ ይመለሳሉ።

እኛ ልጆቹ እሳቸውን አንወዳቸውም ነበር። በመጡ ቁጥር መሀል ግቢ ቆመው ዙሪያውን ይቃኛሉ። የተሰበረውን መስኮት ያያሉ፤ እማዬ የልብስ ገመድ ያሰረችበትን የጽጌረዳ ግንድ ያያሉ፤ ከንፈራቸውን ያጣብቃሉ። አባባ ብድግ ብሎ «እርስዎ» እያለ ሲያናግራቸው እሳቸው ለእሱ «አንተ» ነው የሚሉት፣ ልክ ኪራይ አሳልፎ እንደቆየ ተከራይ። አባባ ግን ፊቱ ላይ ምንም አይታይበትም። እሱ እንዲያ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከጦር ኃይሎች ወዲህና ወዲያ የሰው መዓት ሲያመላልስ ውሎ፣ ማታ ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጎ ጥግ ይቀመጣል። ስብሰባ ላይ እጅ አውጥቶ አያውቅም። ከእኛ በላይ ካለው ቤት አንድ አስተማሪ አንድ ጠዋት ተወስዶ አልተመለሰም፤ ከዚያ በኋላ እማዬም አባባም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያወሩ የሰማሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ነገሩ የተጀመረው አዲስ ሊቀ መንበር የመጣ ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ ነው። ወጣት ነው፤ ካኪ ይለብሳል፤ ሽጉጡ ከወገቡ አይጠፋም። ስብሰባው በዋናው ቤት ስለነበር እኛ ልጆቹ መስኮቱ ሥር ተኮልኩለን እንሰማ ነበር። እትዬ የሺ ተነስተው መኪናቸውን ጠየቁ። ሊቀ መንበሩ መኪናዋ ያለችው የመንግሥት ቤት ውስጥ ነው፣ ከቤቱ ጋር የተወረሰች ናት አላቸው።

«አዋጁ የሚለው ቤት ነው» አሉ እትዬ የሺ። «መኪና ቤት አይደለም።»

አንድ ሰው ሳቁ አመለጠውና ወዲያው ዋጠው። ሊቀ መንበሩ አልተቆጣም፤ ፈገግ አለ። በሕዝብ ፊት ፍርድ የሚያውቅ ሰው መምሰል ሳያሰኘው አልቀረም። የማይንቀሳቀስ መኪና መኪና ሳይሆን ቁርጥራጭ ብረት ነው አለ፤ ቁርጥራጭ ብረት ደግሞ ግቢው ውስጥ እንደተጣለ ማንኛውም ዕቃ የቀበሌው ነው። ስለዚህ በመጪው እሁድ መኪናዋ ሳትገፋ፣ ሳትጎተት፣ በገዛ ሞተሯ ከግቢው በር ከወጣች ወይዘሮዋ ይዛት ትሂድ፤ ካልወጣች ነገሩ በዚያው ይዘጋ። ቀጥሎ የአባቴን ስም ጠራ። ጓድ ከበደ ሾፌር ስለሆነና እዚያው ግቢ ስለሚኖር ምስክሩ እሱ ይሁን፤ ወጣች ካለ ወጣች፣ አልወጣችም ካለ አልወጣችም። በመስኮቱ ጠርዝ በኩል የአባባን ጀርባ አየሁት። ትከሻው ወረደ።

በማግስቱ ማታ ሊቀ መንበሩ ብቻውን እኛ ቤት መጣ። እማዬ ወንበሩን በቀሚሷ ጠርጋ አስቀመጠችውና ሻይ አቀረበችለት። ፍራሹ ላይ የተደረደርነውን ልጆች ተራ በተራ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ቤቱ እንደሚጠበን እንደሚያውቅ ተናገረ። ብረቱ የቀበሌው ከሆነ ጋራዡን አስለቅቆ ለእኛ ሊጨምርልን እንደሚችል፣ ሴትየዋ ይዛው ከሄደች ግን ጋራዡ ለሌላ ሥራ እንደሚፈለግ አስረዳ። ይህን ሁሉ ሲል ድምፁ ለስላሳ ነበር። ሻዩን ጨረሰ፤ የታናሽ ወንድሜን ራስ ዳበስ አድርጎ ወጣ።

ያን ሌሊት አልማዝ ጆሮዬ ሥር ስታንሾካሹክ አመሸች። አልጋችን በየት በኩል እንደሚሆን፣ መስኮት እንደሚወጣለት፣ ግድግዳው ላይ የምትለጥፈውን ሥዕል ሳይቀር ነገረችኝ። እኔም መኪናዋ እንዳትነሳ ተመኘሁ። ለምን እዋሻለሁ፤ ክፍል ከእትዬ የሺ ይበልጥብኝ ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ ግን እማዬና አባባ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። እማዬ ስለ ልጆቹ ብላ ትለምነው ነበር። እሱ ምን እንደሚመልስላት ለመስማት ጆሮዬን ሳቆም ሲገላበጥ ብቻ ሰማሁት።

ጋራዡ ሲከፈት እትዬ የሺ ከአየር ጤና ጋሽ ጦናን ይዘው መጡ። ጋሽ ጦና የወላይታ ሰው ናቸው፤ አየር ጤና ላይ መኪና ሲጠግኑ ብዙ ዘመን የኖሩ፣ ይህችንም ቮልስ ገና በደህና ቀኗ የሚያውቋት። ከኋላ ያለውን የሞተር ክዳን ሲከፍቱ የአይጥ ጎጆ ተጠቅልሎ ወጣ፤ የእኛ አሮጌ ጨርቆች ሳይቀሩ እዚያ ውስጥ ነበሩ። ካንዴላዎቹን ፈተው በሽቦ ብሩሽ ፈተጉ፤ ካርቡራቶሩን በጋዜጣ ላይ በትነው በቤንዚን አጠቡ፤ ጎማዎቹን እየለጠፉ ነፉ። የኋላ ፍሬኗ ዝጎ ተጣብቆ ስለነበር በመዶሻ ሲቀጠቅጡት ግድግዳችን ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። እትዬ የሺ በርጩማ ላይ ጥላቸውን ዘርግተው ተቀምጠው ከጠዋት እስከ ማታ ይጠብቃሉ። ውሃ እንኳ ከእኛ ቤት አልጠየቁም።

ትልቁ ጭንቀት ቤንዚን ነበር። ያኔ ነዳጅ በኩፖን ነው፤ ያለ ቦሎ ስንት ዓመት የተቀመጠች መኪና ደግሞ ኩፖን የላትም። ጋሽ ጦና ለራሳቸው ከደረሳቸው ቀንሰው በጄሪካን ሥር ትንሽ ይዘው መጡ። ስለዚህ እየደጋገሙ መሞከር አይቻልም። ባትሪውም የተዋሱት ነው፤ ደካማ ነው። ጋሽ ጦና ቁልፍ ባዞሩ ቁጥር ሞተሩ አንዴ ያስላል፣ ጭስ ይተፋል፣ ዝም ይላል። አባባ ከሥራ ሲመለስ በአጠገባቸው አቀርቅሮ ሰላምታ ብቻ ሰጥቶ ያልፋል። ምስክር ነዋ። ሊቀ መንበሩ ያቆመው አንድ የአብዮት ጥበቃ ደግሞ በር ላይ ተቀምጦ የሚገባ የሚወጣውን ያያል። አንድ ቀን ግን አባባ ደጃፋችን ላይ እግሩን እየታጠበ ሳለ ሞተሩ ሲያስል እጁ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቆመ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ። ድምፁ ከጠፋ በኋላም እንዲያው ቆይቶ ነው መታጠቡን የቀጠለው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሳች። ለጥቂት ጊዜ ብቻ፣ ቆርቆሮው ሁሉ እየተንኳኳ። ጋሽ ጦና ቤንዚን ለማትረፍ ወዲያው አጠፏት። እትዬ የሺ ከበርጩማቸው አልተነሱም፤ ጥላቸውን አጠፉና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ። አልማዝ ገብታ ፍራሹ ላይ በሆዷ ተኛች።

እሁድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ግቢያችን ሞላ። አጥሩ ላይ የተንጠለጠሉ ልጆች ነበሩ። ከጋራዡ እስከ ብረት በሩ ያለው መሬት ቁልቁለት ሳይሆን ወደ ላይ ቀና ያለ ነው፤ ክረምቱ የቦረቦረው ገና አልተደለደለም። ሊቀ መንበሩ ከሁለት አብዮት ጥበቃዎች ጋር በሩ አጠገብ ቆመ። ከእንግዲህ የማንም እጅ መኪናዋን እንዳይነካ አዘዘና ጋሽ ጦናን ወደ ግድግዳው አስጠጋቸው። አባባን ከጎኑ አቆመው። እኔ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ብቻ የአባባን እጅ ይዤ ነበር። እጁ በላብ ርሷል።

እትዬ የሺ መነጽራቸውን አድርገው ገቡ። በሩን ሁለት ጊዜ ሳብ አድርገው ዘጉት። ቁልፉን ሲያዞሩ ሞተሩ አጉረመረመ፤ ጠፋ፤ እንደገና አጉረመረመና ተነሳ። ጭሱ ጋራዡን ሞላው። ከዚያ ቮልሷ ከዚያ ጨለማ ውስጥ ፀሐይ ላይ ወጣች። እኔ በስንጥቅ እንጂ ሙሉ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ከገመትኳት ታንሳለች። አንዱ የኋላ ጎማ አሁንም ፍሬን እየያዘው እየጎተተች፣ እየተንገጫገጨች፣ ሰዉ ግራና ቀኝ እየተከፈለላት ወደ በሩ ተጠጋች። የፊት ጎማዎቿ የበሩን መድረክ ወጡ። እዚያ ላይ ሞተሩ ጠፋ።

ግማሿ ውጭ ነው፤ ግማሿ ግቢ ውስጥ።

እትዬ የሺ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። ቁልፉን አዞሩ። እህ፣ እህ፣ እህ አለ ሞተሩ። እንደገና አዞሩ፤ ከመጀመሪያው ይልቅ ዘገየ። የቤንዚን ሽታ እስከ እኛ ድረስ መጣ። ጋሽ ጦና አንድ እርምጃ ሲራመዱ አብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን አጋድሞ መለሳቸው።  ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን አየና አበቃ አለ፤ ወደ አባባም ዞረ።

«ጓድ ከበደ፣ ወጥታለች ወይስ አልወጣችም?»

አባባ እጄን ጨበጠው፤ አመመኝ። አልማዝን ከሰዉ መሀል አየኋት። እማዬ ደጃፋችን ላይ ቆማ ነጠላዋን በጥርሷ ይዛለች።

«ገና ናት» አለ አባባ።

«ገና ማለት አልወጣችም ማለት ነው?»

«ገና ማለት ገና ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር። ሞተሩ አልሞተም። ቤንዚን አፍኖት ነው፤ ትንሽ ከቆየ ይነሳል።»

«ካልተነሳስ?»

«ካልተነሳ አልተነሳም እላለሁ። ምስክር ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ የማየውን ነው የምናገረው።»

በዚያ ግቢ ውስጥ፣ በዚያ ሰውዬ ፊት፣ እንዲህ ያለ ንግግር ሰምቼ አላውቅም ነበር። አባባ ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ሰላምታ የሚሰጥ ያህል ነው የተናገረው። ሊቀ መንበሩ አየው። አየሁ፣ ዓይኑ ከአባባ ላይ ወደ እኔ ወረደና ተመለሰ። የዚያን ሁሉ ሰው ፊት ቃኘ። እምቢ ቢል ራሱ በሕዝብ ፊት ያቆመውን ምስክር ማፍረሱ ነው። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

ጠበቅን። እንደዚያ ያለ ረጅም ጥበቃ በሕይወቴ አልገጠመኝም። እትዬ የሺ ወደ ኋላ አልዞሩም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ባዶውን መንገድ ፊት ለፊት እያዩ ተቀምጠዋል። ቸኩለው ቁልፉን ቢነኩት ባትሪው ያልቃል፤ ነገሩም ያልቃል። እኔ በልቤ አሁን ያዙሩት፣ አሁን ያዙሩት እላለሁ። መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ ስለ ክፍሉ ማሰብ ትቼ ነበር። ከዚያ ቁልፉን ሊይዙ የቀኝ ትከሻቸው ዝቅ ሲል አየሁ።

«ቤንዚኑን ይርገጡት፤ እስከ ታች» አለ አባባ። ከእኔ በቀር የሰማው የለም።

ሞተሩ አንድ ጊዜ ብቻ ከብዶት ዞረ። ሊቆም ነው ስል ፈነዳ፤ ጥቁር ጭስ በሊቀ መንበሩና በአብዮት ጥበቃዎቹ ላይ ለቀቀና ተነሳ። ቮልሷ ከመድረኩ ላይ ዘለለች። የኋላ ጎማዎቿ ከበሩ ሲወጡ አንዲት ሴት እልል ማለት ጀምራ መሀል ላይ ዋጠችው።  እትዬ የሺ ሳይቆሙ፣ ሳያመሰግኑ፣ ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ታጠፉ። ድምፁ እየራቀ ሄዶ እስኪጠፋ ድረስ ሁላችንም እዚያው ቆመን ነበር።

«በል እንግዲህ፣ ተናገራ» አለው ሊቀ መንበሩ።

«ወጥታለች» አለ አባባ።

በሳምንቱ ጋራዡ ውስጥ የተሰበሩ አግዳሚ ወንበሮችና አሮጌ የመፈክር ሰሌዳዎች ተከመሩበት፤ አዲስ ቁልፍ ተገጠመበት። አባባ ለብዙ ወራት ያለ ተራው ለቀበሌ ጥበቃ ይታዘዝ ነበር፤ ሌሊቱን በበትር ቆሞ አድሮ ጎህ ሲቀድ መሪ ይይዛል። በር በተንኳኳ ቁጥር እማዬ የያዘችውን ዕቃ ታስቀምጥና ደረቷን ትይዛለች። ሊቀ መንበሩ ወደ ሌላ ቦታ እስኪዛወር ድረስ እንዲህ ሆነን ኖርን። ከዚያ የከፋ አልመጣብንም፤ ግን እንደማይመጣ ማን ነገረን?

አልማዝ አባባን አኩርፋ ሰነበተች። እማዬ ግን ያን እሁድ ማታ እራት ስታቀርብለት ልጆቹ የተኙ መስሏት ለምን እንዲያ እንዳደረገ ጠየቀችው። 

«ሞተሩ እንዳልሞተ በጆሮዬ እየሰማሁ ሞቷል ልበል?» አላት። «ነገ አውቶብሱን ሳስነሳ ምን ይሰማኛል?»

እማዬ ጭልፋውን አነሳች። ወጡን ጨመረችለት።

እትዬ የሺም መጥተው አላመሰገኑም። አንድ ጠዋት ብቻ፣ ካፊያ ሲጥል፣ አባባ ፌርማታ ላይ ቆሞ ሳለ ያቺ ሰማያዊ ቮልስ አጠገቡ ቆመች። በሩ ተከፈተለትና እስከ ሥራው ድረስ ወሰዱት። ማታ ይህን ሲነግረን ፊቱ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። መንገዱን ሙሉ ምንም አላወሩም ነበር። ስለ መኪናዋም፣ ስለዚያ እሁድም። ሲደርሱ ግን «እንግዲህ ይውረዱ፣ አቶ ከበደ፤ እንዳይረፍድብዎ» አሉት። አባባ ይህን ሁለት ጊዜ ደገመልን፤ ሁለተኛውን ጊዜ ሳቀ።

ዛሬ ያ ግቢ የለም። በቦታው መስተዋት የለበሰ ፎቅ ቆሟል፤ ወደ ላይ ቀና ያለው መሬትም ተደልድሏል። አባባ ካረፈ ቆየ። ልጆቼ ለየራሳቸው ክፍል አላቸው፤ በራቸውን ዘግተው ይተኛሉ፤ በር ሲንኳኳም ደረቱን የሚይዝ ሰው ቤታችን ውስጥ የለም። ይህን ታሪክ ስነግራቸው ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ አያታችን ሴትዮዋን ይወዳቸው ነበር ወይ ይላሉ። አይወዳቸውም ነበር እላቸዋለሁ። ግራ ይገባቸዋል።

እኔም አንዳንድ ቀን ከመሥሪያ ቤት ስብሰባ፣ ያየሁትን ሳልናገር፣ አፌን ይዤ ወደ ቤት የምመለስበት ጊዜ አለ። ሽጉጥ ታጥቆ ሻይ ሊጠጣ የመጣብኝ ሰው የለም፤ የሚወሰድብኝ ክፍልም የለም። እንዲህ ባለ ቀን መንገዱ ዳር መኪናዬን አቁሜ ትንሽ እቀመጣለሁ። አባባ አልፈራም ነበር ብዬ ራሴን ማታለል አልችልም፤ እጁን ይዤ ነበርና።